ሰው እያየ የመብላት ቀኖና

ጥቅምት 28 ቀን 1996 ዓ.ም.
ላስታ፣ ከወህኒ ቤት

ለወንድሜ ልጅ ለጽጌማርያም፣ ቤሩት

ይህን ብዕር የያዘው እጅ የአብዱልሀሚድ ነው፤ ቃሉ የእኔ የሰውአገኝ ወልደ ኪዳን ነው። አብዱልሀሚድ የቆላ ሰው ነው፣ የአይሱዙ ሹፌር፤ በመኪና አደጋ ተፈርዶበት ከእኔ ጎን ይተኛል። ረመዳን ስለሆነ አፉ ደርቆ ነው የሚጽፍልኝ፤ ፊደሉ ቢንጋደድ በጾሙ ፍረጂ እንጂ በእሱ አትፍረጂ። ያልኩትን ብቻ እንዲጽፍ አስምዬዋለሁ። ያላልኩት ከተገኘ የእሱ ነው።

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? የአሸተን ማርያም ባለሽበት ትቁምልሽ። ቤተ ዘመዱ ደህና ነው። ጥሩነሽም ደህና ናት፤ በየሳምንቱ ከአሸተን ሥር ለእኔ ለባሏ ስንቅ ተሸክማ ትመጣለች። ጉልበቷ እንደ ድሮው አይደለም፤ ምላሷ ግን እንደ ድሮው ነው።

እኔ እዚህ ከገባሁ ሦስተኛ ዓመቴ ነው። የገባሁበትን ታውቂዋለሽ፤ በወሰን ጠብ ሰው መታሁ፣ ክንዱ ተሰበረ፣ ዳኛ አምስት ዓመት አለኝ፣ እሺ አልኩ። ስለ እሱ የምናወራው ነገር የለም። ወህኒ ቤቱን አሁን ማረሚያ ቤት በሉት ብለውናል፤ ስሙን ሲለውጡ ቁልፉን አልለወጡትም።

የምነግርሽ ሌላ ነው። አምና ክረምት ላይ የውሃ ጥም ያዘኝ። ለክፍሉ ሰው ሁሉ የሚቀዳውን ባልዲ ብቻዬን እጨርሰው ጀመር። የጠጣሁት ደግሞ አይቆይም፤ ለመውጣት በሰው እግር ላይ ተረማምጄ ነው። እስረኛው አጉረመረመ። "አያ ሰውአገኝ፣ ወንዝ ነው እንዴ የዋጡት?" አሉኝ። ሥጋዬ አልቆ ሱሪዬን በገመድ ማሰር ያዝኩ። ጥሩነሽ መተት ነው አለች፤ ማን እንዳሠራብኝም ታውቃለች።

ወርቅአገኘሁ የሚባል ጤና ረዳት አለን፤ ለእስረኛው ሁሉ እሱ አንድ ነው፣ ክሊኒኩም አንዲት ክፍል ናት። ሽንቴን ተቀብሎ ከአንድ መድኃኒት ጋር በእሳት አፈላው። ቀለሙ እንደ ጡብ ሲቀላ "አባት፣ ስኳር ነው" አለኝ። "በስኳር አልታማም፤ ጠላ እንጂ ሻይ የምጠጣ ሰው አይደለሁም" ብለው ሳቀ። "ይህ የሚቀመሰው አይደለም" አለ።

አሁን በየጠዋቱ መርፌ ይወጋኛል። መድኃኒቱ ብርድ ይወዳል ብሎ በማሰሮ አድርጎ እርጥብ አሸዋ ውስጥ ቀብሮታል። ሲኖር ይወጋኛል፤ ሲያልቅ እስኪመጣ እንጠብቃለን፤ ስንጠብቅ ጥሙ ይመለሳል።

ይህን የምነግርሽ ገንዘብ ላኪ ለማለት አይደለም። አብዱልሀሚድ "መድኃኒት እንድትልክ ልጨምርበት?" አለኝ፤ አትጨምር አልኩት። ያሰረኝ መንግሥት ያክመኝ። የእግሬ ጣቶች ግን ደንዝዘዋል፤ የምንረግጠው ሲሚንቶ ነው፣ ጠዋት ጠዋት በረዶ ነው። ውስጡ ለስላሳ የሆነ ጫማ ከተገኘ፣ አንድ ጫማ። ሌላ ምንም።

ስለ ራስሽም ጻፊልኝ። ከሄድሽ ወዲህ ደህና ነኝ ከሚል ቃል በቀር ወሬሽን አልሰማሁም። አገሩ ምን ይመስላል? ከማን ጋር ትውያለሽ? አባትሽ ሞቶ ያሳደግሁሽ እኔ ነኝ፤ ብጠይቅ ያምርብኛል።

አጎትሽ ሰውአገኝ። አብዱልሀሚድ አሁን ያነብልኛል፤ የጎደለ ካገኘሁ ቀድዶ እንደገና ይጽፋታል።


ታኅሣሥ 14 ቀን 1996 ዓ.ም.
ቤሩት

ለተከበሩ አጎቴ ለአያ ሰውአገኝ ወልደ ኪዳን

ከሁሉ አስቀድሜ ጉልበትዎን ስሜ የናፍቆት ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እኔ በእግዚአብሔር ቸርነት ደህና ነኝ። እማማ ጥሩነሽን ሳሙልኝ። ለአብዱልሀሚድም ፊደሉ አልተንጋደደም በሉልኝ።

አያዬ፣ ይህን በሽታ አውቀዋለሁ። የአሠሪዬ የማዳም እናት የስኳር በሽተኛ ናት፤ ቴታ እንላታለን፣ አያቴ እንደ ማለት ነው። እኔ የተቀጠርሁት ለእሷ ነው፤ ጠዋትና ማታ የምወጋት እኔ ነኝ። ዓይኗ አያይም። ስሜ ለአፏ አልመች ስላላት "ልጅት" ብቻ ነው የምትለኝ፣ በእነሱ ቋንቋ። መርፌው ሲገባ እጄን ጥብቅ አድርጋ ትይዛለች። ደብዳቤዎ ከመጣ ወዲህ እሷን ስወጋ እርስዎን የወጋሁ ይመስለኛል።

እባክዎ የምነግርዎን ይስሙኝ፤ ልጅ መከረችኝ ብለው አይቆጡ። መርፌ ተወግተው ባዶ ሆድዎን አይዋሉ። ቁርስ የግድ ነው። ካልበሉ ስኳሩ ይወርድና ያልብዎታል፣ እጅዎ ይንቀጠቀጣል፣ ከዚያ ይወድቃሉ። ከኪስዎ ከረሜላ አይጥፋ። እግርዎን በየቀኑ ይመልከቱት፤ ከሥሩ ለራስዎ የማይታይዎትን አብዱልሀሚድ ይይልዎት። የደነዘዘ እግር ቢቆስል አያምዎትምና አያውቁትም።

ጫማውን ልኬያለሁ። ከላይኛው ፎቅ የምትሠራ አሰለች የምትባል የሙጃ ልጅ አለች፤ ገበያ ስትወጣ እሷ ገዛችልኝ። ለገና ላሊበላን ልትሳለም ስለምትገባ ጫማውንም ደብዳቤውንም ለእማማ ጥሩነሽ ታደርሳለች። ሥራዋን ጨርሳ ነው የምትገባው፤ አትመለስም። ስናወራ የነበረው እሷ ከላይኛው ሰገነት፣ እኔ ከታችኛው ሆነን ነበር፤ አንገቴን ወደ ላይ ማዞር ለምዶብኝ አሁንም አዞራለሁ። ከእንግዲህ በአማርኛ የማወራት ትራስጌዬ ያለችውን የማርያምን ሥዕል ብቻ ነው።

ስለ አገሩ ጠይቀውኛል። ባሕር አለ። ከሰገነቱ ጥግ ሲቆሙ በሁለት ሕንፃዎች መካከል ክንድ የምታህል ትታያለች፤ ጠዋት ሰማያዊ ናት፣ ሲመሽ ብረት ትመስላለች። በሸክላ የተተከለ ሎሚ አለኝ፤ አጠጣዋለሁ። እዚህ ዳቦና አትክልት የሚገባልን በቅርጫት ነው፤ በገመድ ወደ ባለሱቁ አወርደዋለሁ፣ እሱ ይሞላዋል፣ እኔ ወደ ላይ እስበዋለሁ። ደብዳቤም እንደዚሁ አወርዳለሁ፤ ደግ ሰው ነው፣ ፖስታ ቤት ያደርስልኛል። ሌላ የሚጻፍ ነገር የለኝም።

አንድ ነገር ግን አስጨንቆኛል። ጾመ ነቢያት ገብቷል። በመርፌው እንዴት እየሆኑ ነው? ሳይደብቁ ይጻፉልኝ።

ልጅዎ ጽጌማርያም


ጥር 27 ቀን 1996 ዓ.ም.
ላስታ፣ ከወህኒ ቤት

ለጽጌማርያም

እጁ አሁንም የአብዱልሀሚድ ነው። ረመዳኑ አልፎ ጠግቧልና ዛሬ ፊደሉ ቀጥ ይበል ብዬዋለሁ። እግዜር ይመስገን፣ አለሁ፤ አንቺም ኑሪልኝ።

ጫማው ደርሷል። በር ላይ ዘበኞቹ ሶሉ ወፍራም ሆነባቸውና በቢላ ሰንጥቀው ውስጡን ፈተሹ፤ ከስፖንጅ በቀር ምንም አላገኙም። እኔ በሽቦ መልሼ ሰፋሁት። እስረኛው እየመጣ በጣቱ እየተጫነ ያየዋል። አንዱ "አያ ሰውአገኝ፣ ይህን ተጫምተው እርሻ ሊወርዱ ነው?" አለኝ። ልዳር ነው አልኩት።

ሳይደብቁ ብለሻል፤ እኔ ምን ደብቄ አውቃለሁ። በጾመ ነቢያት ወድቄያለሁ። ጠዋት መርፌውን ተወጋሁ፤ እንደ ወትሮዬ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አልቀምስም አልኩ። ለቆጠራ ተሰልፈን ስሜ ሲጠራ አቤት ያልኩ መስሎኝ ነበር፤ ለካ መሬት ላይ ነኝ። ወርቅአገኘሁ በውሃ የበጠበጠውን ስኳር በአፌ ገለበጠብኝ። እንደነቃሁ የጠየቅሁት ሰዓቱን ነው። "ገና አምስት ሰዓት ነው" አለኝ። ከልጅነቴ ጀምሬ ያልፈታሁትን ጾም እንደ ጥጃ አፌን ፈልቅቀው አስፈቱኝ።

እንግዲህ ቆርጫለሁ። የካቲት 8 ሁዳዴ ይገባል፤ በሁዳዴ መርፌ አልወጋም። ብላ ብላ የሚለኝ መርፌው ነው፤ እሱን ከተውኩ የሚያስበላኝ የለም። የትንሣኤ ማግስት ክንዴን እሰጣቸዋለሁ።

አብዱልሀሚድ እዚህ ላይ ብዕሩን አስቀመጠ።

"ይህንንስ አልጽፍም አያ ሰውአገኝ።"

"ለምን? የተከራየሁት እጅህን ነው፣ ምክርህን አይደለም።"

"በምን ተከራዩት? አንድ ሲጃራ እንኳ አልሰጡኝም። በእኛ ዘንድ በሽተኛ አይጾምም፤ ሲሻለው ይከፍለዋል።"

"የእናንተ ሌላ፣ የእኛ ሌላ።"

"ወላሂ ይሞታሉ።"

"ስሞት ትጽፍላታለህ። አሁን ያልኩህን ጻፍ።"

ጻፈ። ፊቱ ግን ጠቁሯል።

ለነፍስ አባትዎ ይላኩ ይሉኛል። አባ ወልደ ሩፋኤል በዚያ ዕድሜያቸው ከአሸተን ተራራ ለእኔ ቁርስ ብለው ይውረዱ? ደግሞስ ቢፈቅዱልኝ የት ነው የምበላው? መጋረጃ የለን፣ ጓዳ የለን። ጠዋት ፀሐይ የምንሞቀው ሁለት መቶ የምንሆን ሰዎች በአንድ ግቢ ነን። የኮን ሰው አለ፣ የሙጃ ሰው አለ፤ ግማሹ በገበያ ያውቀኛል፣ ግማሹ በማኅበር። ሰውአገኝ በሁዳዴ ማለዳ ሲያኝክ አየሁት ብሎ ቤቱ ይጻፍልኝ?

ወርቅአገኘሁ ወደ ከተማው ጤና ጣቢያ ልላክዎና ሐኪም ይይዎ ብሎኝ ነበር። አጃቢ የሚገኘው ቅዳሜ ብቻ ነው። ቅዳሜ ደግሞ ገበያ ነው። በካቴና ታስሬ፣ በሬ የሸጥኩለት ሰው እያየኝ በገበያው መሃል ልጎተት? ሰኞ ከሆነ እሄዳለሁ አልኳቸው። ሰኞ አጃቢ የለም አሉ። እንዲያው ቀረ።

አንቺ ስለ ባሕርሽና ስለ ሎሚሽ ጻፊልኝ። ከእንግዲህ ምንም አትላኪ። አንብብልኝ ብዬው አብዱልሀሚድ ለጥ አድርጎ አነበበልኝ፤ ምንም አልጎደለም።

ሰውአገኝ


የካቲት 23 ቀን 1996 ዓ.ም.
ቤሩት

ለተከበሩ አያዬ

እንደምን አሉ? እንደ ወጉ ሰላምታዬን ማርዘም ይገባኝ ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ።

ደብዳቤዎ ትናንት በቅርጫት ወጣልኝ። ሁዳዴ ከገባ ሁለት ሳምንት አልፎታል። ይህ እስኪደርስዎ ደግሞ ስንት ሊሆን ነው? ቁጭ ብዬ ሳስበው እዚሁ ወረቀት ላይ መጮህ አማረኝ።

ስለ ቴታ እግር አልነገርሁዎትም ነበር። አንዱ ከጉልበቷ በታች የለም። መጀመሪያ አንዲት ጣት ነበረች አሉ፤ ከዚያ እየተከተለ ሄደ። የቀረውን የማጥብላት እኔ ነኝ፤ ለስላሳ ነው፣ እንደ ሕፃን ራስ። አሁን ሌላኛው እግሯም ጠቆረና ሆስፒታል ገብታለች። ማዳም እዚያው ታድራለች። ቤት ውስጥ እኔ ብቻ ነኝ። ዳቦ በቅርጫት ይወጣልኛል። መርፌ ሲወጓት የማንን እጅ እንደምትይዝ አላውቅም።

አያዬ፣ እኔም ሁዳዴን ይዣለሁ። ብጾምም ብበላም የሚያየኝ የለም። እርስዎ ሁለት መቶ ሰው ያየኛል ብለው ይጨነቃሉ። እኔ አንድ ሰው ቢያየኝ ደስ ባለኝ።

ሳላስፈቅድዎ አንድ ነገር አድርጌያለሁ። ለአባ ወልደ ሩፋኤል በእማማ ጥሩነሽ በኩል ደብዳቤ ጽፌያለሁ፤ መርፌውን መተውዎን፣ የቴታንም እግር፣ ሁሉንም ነገርኳቸው። በእኔ የሚቆጡ ከሆነ ተወግተው፣ ቁርስዎን በልተው ይቆጡ።

ልጅዎ ጽጌማርያም


መጋቢት 25 ቀን 1996 ዓ.ም.፣ የሆሣዕና ዋዜማ
ላስታ፣ ከወህኒ ቤት

ለልጄ ለጽጌማርያም

እጁ ያው የአብዱልሀሚድ ነው። ቃሉም ያው የእኔ ነው፤ ዛሬ ግን ይረዝማልና ብዕሩን ሁለት አድርጎ ተቀምጧል። ቅዱስ ላሊበላ በያለሽበት ይጠብቅሽ።

ተቆጥቻለሁ። ቁርሴን በልቼ ነው የተቆጣሁት፣ እንዳልሽው።

አባ ወልደ ሩፋኤል ባለፈው እሑድ መጡ። እዚህ ጠያቂና እስረኛ የሚነጋገረው በሁለት አጥር መካከል ነው፤ መሃሉ ላይ ዘበኛ ይመላለሳል፤ የነፍስ ነገር ቢሆንም ጮኾ ነው። አጥሩ በሰው ጢም ብሏል።

"ሰውአገኝ፣ መድኃኒትህን ትተሃል አሉኝ" አሉ።

"ጾም ነው አባ።"

"ማንን ጠይቀህ?"

"ጾም ይጠየቃል?"

"መድኃኒት መተው ይጠየቃል። እኔ የነፍስ አባትህ ነኝ ወይስ ገበያ ላይ ያገኘኸኝ ሰው ነኝ?"

ሰው ሳቀ።

"ጫማህን አውልቅ።"

አወለቅሁ። እዚህ ላይ ልደብቅሽ ነበር፤ አብዱልሀሚድ "ሳይደብቁ ብላለች" ብሎ ያዘኝ። ሶሉን የሰፋሁባት ሽቦ ጫፏ ወደ ውስጥ ገብታ ኖሯል። ስትወጋኝ ከርማ አልተሰማኝም። ሁለት ጣቶቼ ጠቁረዋል። ጫማው ምንም አላጠፋም፤ አንቺም አላጠፋሽም። በየቀኑ ይዩት ብለሽኝ ያላየሁት እኔ ነኝ።

አባ ጎንበስ ብለው እግሬን አዩ። "ቀኖና እሰጥሃለሁ" አሉ።

"ይስጡኝ፣ እሰግዳለሁ።"

"በየትኛው እግርህ?"

አሁንም ሰው ሳቀ፤ ዘበኛውም ሳቀ።

"ከነገ ጀምረህ እስከ ትንሣኤ መርፌህን ትወጋለህ። ከዚያ የጾም ዳቦህን ይዘህ፣ ግቢው መካከል ተቀምጠህ፣ ሰው እያየ ትበላለህ። ጥግ ይዘህ የበላኸውን አልቆጥርልህም።"

"ሌላ የለም አባ?"

"ከዚህ የበለጠ የሚከብድህ ቢኖር እሱን እሰጥህ ነበር" ብለው መስቀላቸውን በአጥሩ አሻግረው አሳዩኝና ሄዱ።

ሰኞ ጠዋት ወርቅአገኘሁ ወጋኝ። ዳቦዬን ይዤ ግቢው መካከል ተቀመጥኩ። ሰው ወሬውን ተወ። ቆረስኩ፣ ጎረስኩ። የማኘኬ ድምፅ ለእኔ እንደ ወፍጮ ነው። አብዱልሀሚድ የሻይ ጣሳውን ይዞ መጣና ፊት ለፊቴ ዘጭ አለ።

"ቢስሚላህ" ብሎ ከዳቦዬ ቆረሰ።

"አንተን ማን ጠራህ?"

"ብቻዎን ሲበሉ የሰረቁ ይመስላሉ። እኔ እንደሆነ ሁዳዴ የለብኝ።"

በላን። ሰውም ቀስ በቀስ ወደ ወሬው ተመለሰ። ማክሰኞ የሚያየኝ አነሰ። ዛሬ አንድም ሰው አላየኝም፤ እንዲያውም ትንሽ ከፋኝ።

ዛሬ ቅዳሜ ነው። ውሰዱኝ አልኳቸው። በካቴና ታስሬ በገበያው መሃል አለፍኩ። በሬ የሸጥኩለት ሰው አየኝ። "እንዴት ዋልክ ሰውአገኝ" አለኝ፤ "እግዜር ይመስገን" አልኩት። ያችው ናት፤ ሌላ ምንም አልሆነም። ለዚህ ነው ወር ሙሉ እግሬን ያስበላሁት። ሐኪሙ ሁለቱ ጣቶች መቆረጥ አለባቸው፣ ትልቅ ሆስፒታል ይሂዱ ብሎ ወረቀት ጻፈ። አሁን መኪናና ሁለት አጃቢ ይጠበቃል። መቼ እንደሚገኝ ማንም አልነገረኝም። ወርቅአገኘሁ ጠዋት ጠዋት ቁስሉን እያጠበ "ዛሬም ጠይቄልዎታለሁ" ይለኛል። ጣቶቹ ይሂዱ፤ እግሩ እንዲቀር እበላለሁ፣ እወጋለሁ፣ እጠብቃለሁ።

አሁን ስለ አንቺ።

ደብዳቤዎችሽን አብዱልሀሚድ ደጋግሞ አነበበልኝ። ሰገነት አለ። ቅርጫት አለ። ገመድ አለ። ጫማውን የገዛችው አሰለች ናት፤ ፖስታ ቤት የሚሄደው ባለሱቁ ነው። በር የሚል ቃል ግን አንድም ቦታ የለም። ለገና ጥሩነሽ ስለ አንቺ ስትጠይቃት አሰለች ስለ ባሕሩ አወራቻት፤ ደግማ ስትጠይቃት ነጠላዋን አስተካከለች።

እኔ እስረኛ ነኝ ጽጌ። ከቅጥር የማይወጣ ሰው ወሬው ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ከአጥራችን በላይ የአንዲት ባሕር ዛፍ ጫፍ ትታያለች፤ ጥሩነሽ በመጣች ቁጥር ስለዚያች ዛፍ ነው የማወራት፣ ነፋስ ነካት፣ ወፍ አረፈባት እያልኩ። አንቺ ደግሞ ክንድ የምታህለዋን ባሕር ታወሪኛለሽ።

በሩ ይቆለፍብሻል። ማዳም ሆስፒታል ስትሄድም ቁልፉን ይዛ ነው የሄደችው። አይደለም በይኝና አሳፍሪኝ።

እኔ ተፈርዶብኝ ነው። አንቺን የትኛው ዳኛ ነው የፈረደብሽ?

አፍረሽ ነው ዝም ያልሽው፤ ያሳደግሁሽ እኔ ነኝና ከማን እንደተማርሽው አውቃለሁ። ስለዚህ ቄስ ባልሆንም ቀኖና እሰጥሻለሁ። ሰገነትሽ ላይ ቁሚ። ባለሱቁን ጥሪው፣ መንገደኛውም ይስማ። በሩ ተቆልፎብኛል፣ ቁልፉ ማዳም ጋ ነው፣ መውጣት እፈልጋለሁ በይ፤ በምትችይው ቋንቋ። በወረቀት ጽፈሽ በቅርጫት አታውርጂው፤ በአፍሽ፣ ጮክ ብለሽ። አንድ ጊዜ ዝም ቢሉሽ በማግስቱ ድገሚው። እኔ ሰው እያየ በላሁ፤ ከውርደቱ የተረፈ ሰው ነው የሚያዝሽ።

ከአንቺ ጫማ አልፈልግም፣ መድኃኒትም አልፈልግም። ከበሩ ውጭ ያየሽውን አንድ ነገር ጻፊልኝ፤ ድንጋይም ቢሆን።

በል አብዱልሀሚድ፣ አንብብልኝ። ስለ እግሬ ያለውን ዝለለው፣ እሱን አውቀዋለሁ። ሰገነትሽ ላይ ቁሚ ካልኩበት ጀምር፤ ቀስ ብለህ፣ ደግመህ። በቃሌ ልያዘው። ወረቀቱ መንገድ ላይ ቢቀር የሚያስታውስላት አንድ ሰው ይኑር።